ፎርክ ከማድረጋችሁ በፊት



ሰሞኑን አንድ ያስተማርኩት ልጅ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። "ቲቸር፣ መሥሪያ ቤታችን ኦፕን ኤስኤስኤልን ፎርክ አድርጎ የራሱን ሊይዝ ነው። ኃላፊነቱን ለእኔ ሰጡኝ!" ይላል። ደስ ብሎታል። እኔ ግን "እንኳን ደስ አለህ" ለማለት እጄ አልታዘዘኝም።

ለማታውቁት፦ ኦፕን ኤስኤስኤል በኢንተርኔት የሚላክ መረጃን የሚመሰጥር ነፃ ላይብረሪ ነው። ፎርክ ማድረግ ደግሞ ኮዱን ቀድቶ፣ ለራስ በሚመች መንገድ ለውጦ፣ ለብቻ መያዝ ነው። ፈቃዱ አይከለክልም። ጣጣው ሌላ ነው።

ከዓመታት በፊት የሠራሁበት ድርጅትም እንዲሁ አድርጎ ነበር። አንድ ያረጀ መሣሪያ ከአዲሱ ቨርዥን ጋር አልግባባ አለና ላይብረሪውን ለወጥኩት። ግማሽ ቀን አልፈጀብኝም። ፍዳው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የደህንነት ማስተካከያ በወጣ ቁጥር ሌላው ሰው አፕዴት አድርጎ ይተኛል፤ እኔ መስመር በመስመር በእጄ ሳስገባ አድራለሁ። አንድ ሌሊት አንዲት የፍተሻ መስመር ዘለልኩ። ፕሮግራሙ ምንም ሳይል ሠራ! የሥራ ባልደረባዬ ባታየው ኖሮ ጉድ ሆነን ነበር። ክፋቱ ይሄ ነው፤ የተበላሸ ምስጠራ ሲሠራ ደህናውን ይመስላል።

ዴቢያን ላይ የሆነውን ስሙ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። በ2006 በራሳቸው የኦፕን ኤስኤስኤል ቅጂ ላይ፣ የሚያስቸግር ማስጠንቀቂያ ለማጥፋት ብለው፣ በቅን ልቦና ጥቂት ኮድ አወጡ። የወጣው ኮድ ግን ቁልፍ ሲፈጠር የዘፈቀደ ቁጥር የሚመግበው ነበር። እስከ 2008 አልታወቀም። በዚያ ጊዜ ለአንድ ዓይነት ኮምፒውተርና ለአንድ የቁልፍ ዓይነት ሊፈጠሩ የሚችሉት ቁልፎች 32 ሺህ ገደማ ብቻ ነበሩ። ያን ሁሉ ሞክሮ መጨረስ ለኮምፒውተር ቀላል ነው።

"ጉግልስ በ2014 ቦሪንግ ኤስኤስኤልን አልፎረከም?" ትሉኝ ይሆናል። ፎርኳል። ግን ለዚሁ ሥራ ብቻ የሚቀመጥ ባለሙያ አለው። እንዲያም ሆኖ "ሌሎች ባትደገፉበት ይሻላል" ብሎ ራሱ ጽፏል።

የድሬ ልጅ ይሄን ከባቡሩ ያውቀዋል። በ1902 እዚህ የደረሰው የድሮው ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነው፤ የአዲሱ 1.435። የአንዱ ፉርጎ በሌላው አይሄድም። ፎርክም ዓመት ባለፈ ቁጥር ከዋናው ይራራቅና ማስተካከያው አልገጥም ይላል።

ለልጁ የመለስኩለት ይሄን ነው፦ ለውጡን ከላይብረሪው ውጭ መሥራት ከተቻለ ውጭ ሥሩት። ለሌላውም የሚጠቅም ከሆነ ለዋናዎቹ አዘጋጆች ላኩላቸው፤ ከተቀበሉት ሸክሙ ይወርድላችኋል። የግድ ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱ ለውጥ ለምን እንደተደረገ ጻፉ። ማስተካከያ የሚያስገባው ሰው በስም ይታወቅ፤ ሁለተኛ ሰው እያንዳንዱን መስመር ይይ። ከሁሉ በፊት ግን አለቃህን "እኔ ስለቅ ማን ይረከበኛል?" ብለህ ጠይቀው።

እኔ ሳልጠይቅ ነው የገባሁበት። ስለቅ የይለፍ ቃሉን አስረከብኩ፤ ፎርኩን የሚረዳ ሰው ግን አልነበረም። እስካሁን ይቆጨኛል።

እናንተ ጋ እንዲህ ያለ ኮድ አለ? ማን ይዞታል?