ኃይሌ እንዲህ ነበር እንዴ የተማረው?

አሰላ ተወልዶ ያደገ ሰው ይህቺን ተግሳጽ ሳይሰማ አልቀረም። ክፍል ውስጥ ብታንቀላፉ፣ በሒሳብ 4 ከ10 ብታመጡ፣ «ጭቃው አስቸግሮኝ ነው» ብላችሁ ብታረፍዱ መልሷ አንድ ናት፦ «ኃይሌ እኮ በቀን 20 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ነው የተማረው! አንተ ትምህርት ቤቱ ደጅህ ላይ ተከፍቶልህ…»

ነገሩ እውነት ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ልጅ ሳለ 10 ኪሎ ሜትር ሮጦ ትምህርት ቤት ይደርሳል፤ 10 ኪሎ ሜትር ሮጦ ይመለሳል። ደብተር ይይዝበት የነበረው ግራ እጁ አትላንታና ሲድኒ ላይ ለወርቅ ሲሮጥም እንደታጠፈ ነበር። እኔ ግን ቀለሜም አልነበርኩም፤ ሩጫዬማ ባይነሳ ይሻላል። ስለዚህ ተግሳጿን ጠግቤ ነው ያደግኩት።

ጉዱ የመጣው እኔም ያንኑ ተግሳጽ ለታናሽ እህቴ ያቀበልኩ ቀን ነው።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ውጤት ጥር 2015 ላይ ሲወጣ እህቴ 31 ከመቶ አመጣች። ቤታችን ለቅሶ ቤት መሰለ። አባባ ራዲዮኑን ዘጋው። እማማ ቡናውን አፍልታ ማን ይጠጣው! እኔ ደግሞ ታላቅ ወንድም ነኝና «ትንሽ ጠንከር ብትዪ ኖሮ…» አልኳት። ኃይሌንም ጨመርኩበት።

ቀና ብላ አየችኝና «ኃይሌ የሚሮጥበት መንገድ ነበረው። እኔ ላብራቶሪው ተቆልፎ ነው አራት ዓመት ያለቀው። የፊዚክስ አስተማሪ ያገኘነው በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ነው። በምን ላይ ልጠንክር?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም።

በኋላ የአገሩን ውጤት ስሰማ ይበልጥ አፈርኩ። በዚያ ዓመት ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ናቸው። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1 ሺህ ይበልጣሉ። እስኪ አስቡት፤ አንድ ትምህርት ቤት ሙሉ ልጅ ባንድ ጊዜ ሰነፈ? ይህን ስንፍና ብሎ መጥራት ግፍ ነው።

አንጄላ ዳክወርዝ የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጽናትን የስኬት ቁልፍ አድርጋ ብዙ ጽፋለች። ሌሎች ተመራማሪዎች በርካታ ጥናቶችን አንድ ላይ ሲመረምሩ ግን ጽናት ከትምህርት ውጤት ጋር ያለው ዝምድና የተወራለትን ያህል አልሆነም። ጽናት ይረዳል፤ ብቻውን ግን ላብራቶሪ አይከፍትም።

ሩቅ ሳንሄድ ከአሰላ በስተደቡብ ያለችውን በቆጂን እንይ። ደራርቱ፣ ቀነኒሳና ጥሩነሽ የወጡት ከዚያ ነው። ብርዱና ዳገቱ አጠነከራቸው እንላለን። ብርዱና ዳገቱማ ለሁሉም ነው! በቆጂ ስንታየሁ እሸቱ የሚባል የስፖርት አስተማሪም ነበራት፤ ልጆቹን ገና በማለዳ ሜዳ ላይ ሰብስቦ የሚያሠለጥን። ጠንካሮቹ ልጆች ብቻቸውን አልነበሩም።

እህቴም ሁለተኛ ለመፈተን ስትነሳ ሦስት ጓደኞቿን ይዛ ነው። አንድ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታቸው እየጠሩ ያለ ክፍያ አስጠኗቸው። የጭላሎ ብርድ አጥንት ሲሰብር በጋቢ ተጠቅልለው አንድ መጽሐፍ ለአራት ያነቡ ነበር። 47 አመጣች። አላለፈችም። ግን ከ31 ወደ 47 የወሰዳት ስድብ አይደለም፤ የእኔ ምክርም አይደለም። «ይህቺ ጥያቄ ለምን ከበደችሽ?» ብሎ ቁጭ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው። ዛሬ ኮሌጅ ገብታ አካውንቲንግ ትማራለች፤ የሒሳብ ስህተቴንም ታርመኛለች።

እውነተኛው ጥንካሬ ወድቆ እንደገና ደብተር መግለጥ እንደሆነ ከእሷ ተምሬያለሁ። የወደቀውን ልጅ ግን ከኃይሌ ጋር ከማወዳደራችን በፊት የሚሮጥበት መንገድ እንዳለው እንይለት።

አባባም ተለውጧል። ባለፈው የጎረቤት ልጅ ካርዱን ይዞ ሲመጣ ጆሮዬን ቀስሬ ኃይሌን ስጠብቅ፣ አባባ መነጽሩን አደረገና «ምን ጎደለህ ልጄ?» አለው።