የሰው አገር የሚጀምርበት

የዩኒቨርሲቲ ምደባ ወጥቶ ደብረ ብርሃን የደረሰው ተማሪ መጀመሪያ የሚሰማው ምክር ስለ ትምህርት አይደለም። «ብርድ ልብስ እንዳትረሳ» የሚል ነው። አጎት ይለዋል፣ ጎረቤት ይለዋል፣ ደብረ ብርሃንን በአውቶቡስ መስኮት እንኳ አይቶ የማያውቅ ሰው ይለዋል። ለእኔም ብለውኛል። አርባ ምንጭ ተወልጄ ነው ያደግሁት። በእኛ ሰፈር ብርድ ማለት ከዝናብ በኋላ ከሐይቁ በኩል የሚመጣ ነፋስ ነው፤ እርሱንም ሰው ደጅ ወጥቶ ይቀበለዋል እንጂ አይሸሸውም።

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር አትሞላም። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ያህል ሙቀት እንደሚቀንስ በጂኦግራፊ ክፍል ተምረናል። እንግዲህ እኔ ሁለት ቀን በአውቶቡስ ስጓዝ ወደ 9 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ከኋላዬ ትቼ መጥቻለሁ ማለት ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ሲል ደግሞ ይብሳል። ምድር ቀን የጠጣችውን ሙቀት ሌሊት መልሳ ስትለቀው እንደ ክዳን ሆኖ የሚይዝላት ደመና የለም። ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ይገኛል። ገበሬው ለባቄላው ይሰጋል፤ ተማሪው ለጆሮው። ከተማዋ በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ስሟ የተጠራው ያለ ምክንያት አይደለም።

በዶርማችን ውስጥ ስድስት ነበርን። እኔ ከአርባ ምንጭ፣ ሌሎቹ ከድሬዳዋ፣ ከጋምቤላ፣ ከወሊሶ፣ ከአዲስ አበባና ከመንዝ። ደብረ ብርሃንን «ደህና ሙቀት አላት» ያላት የመንዙ ልጅ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት በካናቴራ ሲተኛ አይተን ጉድ አልን። የቀረነው ከእግር እስከ ራስ ተጠቅልለን፣ አፍንጫችንን ብቻ አውጥተን እናወራ ነበር። መብራት ከጠፋ በኋላ የሚወራው ወሬ ከየትም ይጀምር ከየት፣ ዞሮ ዞሮ መድረሻው አንድ ነው፤ ውጭ አገር።

ሁሉም የየራሱ አገር ነበረው። የድሬዳዋው ልጅ ሚኒሶታ ዘመድ ስላለው ከሚኒሶታ ሌላ አሜሪካ ያለ አይመስለውም። የአዲስ አበባው ቶሮንቶ፣ የወሊሶው ኖርዌይ፣ እኔ ደግሞ ለማስተርስ ጀርመን። የመንዙ ልጅ «እኔ አዲስ አበባ ይበቃኛል» ብሎ ያስቀናል። የሚገርመው የምንመኛቸው አገሮች ሁሉ ከደብረ ብርሃን የባሰ የሚበርዳቸው መሆኑ ነው። ሚኒሶታ በጥር ሌሊት ከዜሮ በታች 10 ዲግሪና ከዚያም በታች መውረድ ብርቅ አይደለም። ኦስሎ በታኅሣሥ ፀሐይ የምትታየው በቀን 6 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። የደብረ ብርሃን ብርድ የከፍታ ብርድ ነው። ከምድር ወገብ ብዙም ስለማንርቅ ፀሐይዋ ዓመቱን ሙሉ በጊዜዋ ትወጣለች፤ ረፋዱ ላይ ግድግዳ ተደግፎ የቆመ ተማሪ ጀርባው ሞቆለት ሌሊቱን ይረሳል። የእነዚያ አገሮች ብርድ ግን ፀሐይ ራሷ ጥላቸው የምትሄድበት ብርድ ነው። ይህንን አንድ ሌሊት በሰፊው ባስረዳ፣ የድሬዳዋው ልጅ ከብርድ ልብሱ ሥር ሆኖ «ዶላሩ ያሞቃል» ብሎ ዘጋኝ።

ሕልሙ ግን ቀልድ ብቻ አልነበረም። የወሊሶው ልጅ አባቱ በልጅነቱ ሞተውበታል። እናቱ ጉልት ተቀምጠው ሽንኩርትና ቲማቲም እየሸጡ ሦስት ልጆች ያስተምራሉ። እርሱ «ውጭ ብወጣ» ሲል ስለ በረዶም ስለ ሕንጻም አያስብም። ለእርሱ ውጭ አገር ማለት እናቱ ከፀሐይ ገብተው የሚያርፉበት ቀን ነው። በወጣቶች ስብሰባ ላይ የመሄድ ምኞት እንደ አንድ በሽታ ሲነገር ስሰማ ያ ልጅ ትዝ ይለኛል። መመኘት ነውር አይደለም። ጥያቄው፣ ሕልሙ እስኪፈታ ድረስ ያለንበትን ቦታ ምን እናደርገዋለን የሚለው ነው።

በየዓመቱ ጥቅምት ሲገባ ዶርማችን በዲቪ ይታመስ ነበር። ፀጉር ይስተካከላል፣ ሸሚዝ ይዋዋሳል፣ ነጭ ግድግዳ ፊት ተቁሞ ፎቶ ይነሣ ነበር። ዕድሉን እናውቀው ነበር። በሕግ የተፈቀደው ለመላው ዓለም በዓመት ቢበዛ 55,000 ቪዛ ነበር፤ ስሙ የወጣለትም ሁሉ ቪዛ አያገኝም ነበር፤ ሁለት ጊዜ የሞላ ደግሞ ከነጭራሹ ይሰረዝ ነበር። ከዚያ እስከ ግንቦት መጠበቅ ነበር። በፌሎሺፕም የጸሎት ርእስ ሲጠየቅ «በር እንዲከፈት» የሚል አይጠፋም። አንድ ጊዜ አንድ ተመራቂ ወንድም ኤርምያስ ባቢሎን ላሉ ምርኮኞች ስለ ላከው ደብዳቤ አስተማረን። ሰዎቹ ነገ ዛሬ እንመለሳለን እያሉ ሻንጣቸውን እንደ ታቀፉ ሳሉ፣ ደብዳቤው ቤት ሠርተው አትክልት እንዲተክሉ፣ ለተቀመጡባትም ከተማ እንዲጸልዩ ያዘዛቸዋል። «እኛስ ደብረ ብርሃንን አውቶቡስ መጠበቂያ አደረግናት ወይስ ከተማ?» ብሎ ጠየቀን። ማንም አልመለሰም፤ ጥያቄው ግን ዶርም ድረስ ተከትሎን መጣ።

እዚህ ላይ ስለ አያቴ ልንገራችሁ። አያቴ የዶርዜ ሸማኔ ነበሩ። በወጣትነታቸው እንደ ብዙ የጋሞ ሸማኔዎች አዲስ አበባ ሄደው ሽሮ ሜዳ አካባቢ ለዓመታት ሠርተዋል። ስለዚያ ዘመን ሲያወሩ የሚጀምሩት ሁልጊዜ «በሰው አገር ሳለሁ» ብለው ነበር። ልጅ ሆኜ ይገርመኝ ነበር። አዲስ አበባ እንዴት የሰው አገር ትባላለች? አንድ ቀን ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ ሳሮ ስትል ሳሮ ብሎ የሚመልስልህ የሌለበት ሁሉ የሰው አገር ነው» አሉኝ። ሳሮ በእኛ ቋንቋ ሰላምታ ነው።

በአያቴ ሚዛን ከመዘንነው፣ ከስድስታችን መካከል ያለ ፓስፖርትና ያለ ቪዛ የሰው አገር የገባው የጋምቤላው ልጅ ነበር። ጋምቤላ ከባሕር ወለል ከ500 ሜትር እምብዛም ከፍ አትልም፤ በበጋ ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ይጠጋል። ከባሮ ዳር ተነሥቶ ውርጭ አገር የመጣ ልጅ ነው። የአፍ መፍቻ ቋንቋው አኙዋክኛ ነው፤ እንግሊዝኛው ከሁላችንም ይሻላል፤ አማርኛው ግን ገና ነበር። ክፍል ውስጥ ማንም አይቀድመውም። ማታ ዶርም ስንገባ ግን ወሬው ሁሉ በአማርኛ ነው፣ ያውም በቀልድ። እኔም አማርኛን የተማርኩት ትምህርት ቤት ስለሆነ አንድ ነገር ቶሎ አየሁበት። ሁላችን ስቀን ስንጨርስ እርሱ ይስቃል። ሳቁ ዘግይቶ ይደርሳል። ቀልዱ ገብቶት ሳይሆን ፊታችንን አይቶ ነበር የሚስቀው።

በኅዳር አጋማሽ የመጀመሪያው ውርጭ ከጣለ በኋላ ዝም አለ። ቁርስ መውጣት ተወ። አንድ ማታ ሻንጣውን ሲያስተካክል አየሁትና ምን እንደሆነ ጠየቅሁት። ከሬጅስትራር የዊዝድሮዋል ፎርም ወስዶ መጥቷል። «ብርዱ ነው?» አልኩት። በግማሽ አማርኛ፣ በግማሽ እንግሊዝኛ የመለሰልኝን አልረሳውም። «ብርዱንስ እለምደዋለሁ። ያልለመድኩት ስትስቁ ለምን እንደምትስቁ አለማወቄን ነው።»

በዚያች ሌሊት ለስድስታችንም ወሬ ተገኘልን። የመንዙ ልጅ ብዙ አይናገርም። ከአልጋው ወርዶ እናቱ የሰጡትን ባና አውጥቶ ጓደኛችን አልጋ ላይ ዘረጋው። ባና በመንዝ ከበግ ፀጉር የሚሠራ ወፍራም የሱፍ ልብስ ነው። እኔ ደግሞ አያቴ የሸመኑትን ጋቢ ደረብኩለት። ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ የሰውነትን ሙቀት ይዞ ያድራል። የድሬዳዋው ልጅ በመስኮቱ በኩል ያለውን አልጋ ራሱ ወስዶ የእርሱን በግድግዳው በኩል ሰጠው። ከዚያም አዲስ ሕግ ወጣ። ቀልድ ያወራ ሰው ቀልዱን የማስረዳት ግዴታ አለበት። በየማታው ደግሞ እያንዳንዱ ከቋንቋው አንድ ቃል ያስተምራል። ቀልድ ሲብራራ እንደሚሞት ታውቃላችሁ፤ እኛ ግን በቀልዱ አሟሟት እንስቅ ጀመር። በዚያኛው ሳቅ እርሱ አልዘገየም።

ከተማው ውስጥ የምትኖር የመንዙ ልጅ አክስትም እሑድ እሑድ ትጠራን ጀመር። ምድጃ ዳር አስቀምጣ ትኩስ ቂጣና ሽሮ ታቀርብልናለች። መጀመሪያ ቀን የጋምቤላውን ልጅ ስሙን ጠየቀችው። ስሙ ለአማርኛ አፍ ቀላል አይደለም። አስተካክላ እስክትጠራው ሦስት ጊዜ አስደገመችው። ከዚያ በኋላ ማንኛችንም ብንሄድ የመጀመሪያ ጥያቄዋ እርሱ የት እንዳለ ነበር፣ በስሙ፣ ሳትሳሳት። ከአርባ ምንጭ እናቴ በሃይላንድ ጠርሙስ የምትልክልኝ ዳጣም በዚያ ቤት ታዋቂ ሆነ። ብርድ በበርበሬ እንደሚባረር የደጋው ሰው ከቆላ ሰው ተማረ።

ፎርሙ አልተሞላም። ፍራሹ ሥር ከረመ። በፋሲካ ሰሞን አየሁት፤ ጀርባው ላይ የካልኩለስ ጥያቄ ተሠርቶበት ነበር። በሁለተኛው ዓመት አዲስ ተማሪዎች ሲመጡ አውቶቡስ ተራ ሄዶ የሚቀበለው እርሱ ሆነ። ከሚወርዱት መካከል ጃኬት ያልያዘውንና ዓይኑ የሚንከራተተውን ለይቶ ይጠጋል፤ አስቀድሞ ስሙን ይጠይቃል፣ ከዚያ ሻንጣውን ይሸከማል።

ዲቪውስ? ከስድስታችን የድሬዳዋው ልጅ በሦስተኛው ዓመት ወጣለት። ተመርቆ ብዙም ሳይቆይ ሄደ፤ በልቅሶም በሳቅም ሸኘነው። እንደ ተመኘውም ሚኒሶታ ገባ። ታኅሣሥ ላይ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ላከልን። ዶላሩ ያሞቅ እንደሆነ ለመስማት ቸኩለን ከፈትነው። ሥራ እንዳገኘ፣ ዘመዶቹ ጥሩ እንደ ያዙት፣ በረዶው እስከ ጉልበት እንደሚደርስ ነገረን። ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። «ሥራ ቦታ ሲስቁ አብሬ እስቃለሁ፤ ግን ዘግይቼ ነው» አለ። ቀጥሎም የጋምቤላውን ልጅ እንድናገናኘው ለመነን።

ምን እንደ ተባባሉ በኋላ ጠየቅሁ። ረጅም ምክር አልሰጠውም። «ስምህን አስተካክሎ የሚጠራ አንድ ሰው ፈልግ። እስክታገኝ ድረስ አንተ የሌላውን ስም አስተካክለህ ጥራ» ነው ያለው። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘውም፤ ከውርጭ ያገኘው ነው። ስለዚህም ለሰው አገር የሚያስፈልገው ስንቅ ኤምባሲ በር ላይ የሚታደል አይመስለኝም። እንግዳ መሆንንም እንግዳ መቀበልንም የምንማረው እዚሁ፣ በተደራራቢ አልጋ ላይ፣ ቋንቋችን ከማይገባው ልጅ ጋር ነው። እዚህ ያልተማረው ሰው ትኬቱ ብቻውን አያስተምረውም።

እኔ ዛሬ አርባ ምንጭ ሆኜ የስኮላርሺፕ ማመልከቻ እየጻፍኩ ነው። ጀርመን አሁንም በልቤ አለች። ቢሳካ ደስ ይለኛል፤ ባይሳካም አራት ዓመቱን በመጠባበቂያ ወንበር ላይ ተቀምጬ አላሳለፍኩትም። የጋምቤላው ልጅ አገሩ ተመልሶ ያስተምራል። የወሊሶው ልጅ ሥራ ይዞ ከደመወዙ ለእናቱ መላክ ጀምሯል። እናቱ ግን ጉልቱን ገና አልተዉም፤ እርሱም የዲቪ ሕልሙን አልተወም።

ዘንድሮ ምደባ ለምትጠብቁ ታናናሾቻችን፦ ደብረ ብርሃን ከደረሳችሁ አትደንግጡ። ሁለት ብርድ ልብስና ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያ ያዙ። ጋቢ ካላችሁ እርሱን አስቀድሙ። በጠዋት ፀሐይ ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ ነባር ተማሪዎች ያሳዩአችኋል። ማታ መብራት ጠፍቶ ወሬ ሲደምቅ ጆሮ ስጡ፤ ዘግይቶ የሚስቅ አንድ ልጅ አይጠፋም። ቀልዱን አስረዱት። ከቆላ የምትመጡ ደግሞ ዳጣ ይዛችሁ ኑ፤ አንድ ሃይላንድ ለስድስት ሰው ይበቃል።