አሥራ ሰባተኛው ሸክላ

ጋሼ ባረፈ በሦስተኛው ሳምንት፣ በስቶክሆልም ዳርቻ ቴንስታ ያለውን ቤቱን ባዶ አድርገን ቁልፍ ማስረከብ ነበረብን። ልብሱ ለቤተ ክርስቲያን፣ ድስትና ሰሃኑ ለጎረቤት ሄደ። በመጨረሻ ቁም ሣጥኑ ግርጌ፣ ከክረምት ጫማዎቹ ጀርባ፣ በሲባጎ የታሰረ የሙዝ ካርቶን አገኘሁ። ስፈታው ሸክላ ነው። ትንንሾቹ፣ ባለ 45 የሚባሉት። ቆጠርኳቸው፤ 31 ናቸው።

በእያንዳንዱ መሃል ላይ ነጭ የቁስል ፕላስተር ተለጥፏል። ጋሼ ዕድሜውን ሙሉ ሆስፒታል ስለሠራ ፕላስተር ከቤቱ ጠፍቶ አያውቅም። በፕላስተሩ ላይ በራሱ እጅ ቁጥር ጽፏል፤ ከቁጥሩ አጠገብ ደግሞ ቀይ ወይም ሰማያዊ ነጥብ አድርጓል። ወለሉ ላይ በተራ ደረደርኳቸው። ከ1 ይጀምርና 32 ላይ ያልቃል። 17 የለም።

አዲስ አበባ ለእናቴ ደወልኩ። "ሸክላ?" አለች። "ወንድሜ ዳንስ የት ያውቅና! በሠርጌ ቀን እንኳ ከወንበሩ አልተነሣም።" እኔም የማውቀው ጋሼ ይኸው ነው። ስቶክሆልም ከመጣሁ ጀምሮ በየልደቱና በየክርስትናው ካፖርቱን ጭኑ ላይ አጥፎ፣ ግድግዳ ተጠግቶ ይቀመጥ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው በ1970 ዓ.ም. ከአገር ሲወጣ የሻንጣውን ግማሽ በሸክላ የሞላው ለምንድነው? የጎደለውስ የት ሄደ? ይህን ሳላውቅ ካርቶኑን መልሼ ማሰር አቃተኝ።

ያገለገለ ሸክላ ማጫወቻ ገዛሁና አንድ በአንድ ሰማኋቸው። ብዙዎቹ አምሃ እሸቴ ያሳተማቸው ናቸው። በዚያ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት በንጉሡ ትእዛዝ የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። አምሃ ግን ይህን እያወቀ እ.ኤ.አ. በ1969 የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን ሕንድ አገር አሳትሞ አስመጣ፤ እስከ 1975 ድረስም ከመቶ በላይ ባለ 45 ሸክላ አወጣ። የሶል ሙዚቃ በአሥመራው የቃኘው ጣቢያ የአሜሪካ ጦር ሬዲዮ እና በሰላም ጓድ መምህራን ሻንጣ ገብቶ፣ የክብር ዘበኛና የፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራዎች ባሳደጓቸው ልጆች እጅ ወድቆ ነበር። ዓለማየሁም ከፖሊስ ኦርኬስትራ የወጣ ነው። የኢትዮጵያው ጄምስ ብራውን ይሉታል። ግልባጭ ነው የሚሉትን ግን አልቀበልም። ጥሩምባው እንደ አሜሪካኖቹ ይቆርጣል፣ ይመታል፤ ዜማው ግን ትዝታና አንቺ ሆዬ ላይ ቆሞ ከዚያ ንቅንቅ አይልም። እግር ወደ አንድ አገር፣ ትከሻ ወደ ሌላ አገር ይሄዳል።

ስለጎደለው ሸክላ የመጀመሪያው ግምቴ ተሾመ ምትኩ ነበር። ለዚህ ምክንያት አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1998 ኤሚሊያ የተባለች የስቶክሆልም ልጅ "ቢግ ቢግ ወርልድ" በተባለ ዘፈን በስዊድንም በጀርመንም አንደኛ ወጥታ ነበር። ያ ዘፈን በሬዲዮ ሲመጣ ጋሼ ድምፁን ከፍ ያደርግና "የተሾመ ልጅ ናት" ይል ነበር፤ የራሱን የእኅት ልጅ በሚያስተዋውቅበት ድምፅ። ተሾመ የሶል ኤኮስ ባንድ ድምፃዊ ነበር። ጥቂት ዘፈኖች በሸክላ አስቀርጾ ከአገር ወጣ፤ ስዊድንም ኖረ። በካርቶኑ ውስጥ የሱ ሸክላ የለም። እንግዲያው የጠፋው እሱ ነው አልኩ። ሁለት ክረምት ሙሉ በየሎፒሱ፣ በየአሮጌ ዕቃ ገበያው፣ ተንበርክኬ የሰው ካርቶን አገላበጥኩ፤ ሶደርማልም ያሉ አሮጌ ሸክላ ሻጮችን ጠየቅኩ። እነዚያ ሸክላዎች ዛሬ እንደ ወርቅ የሚሸጡ ሆነዋል፤ ባገኘውም አቅሜ አይችልም ነበር።

ነገሩን ያዞረው አንድ ዲጄ ነው። ኩንግስጋታን ላይ ፋሺንግ የሚባል የጃዝ ክለብ አለ፤ የጃዝ ሙዚቀኞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1977 የከፈተው። ኮንሰርቱ ካለቀ በኋላ የሶል ዳንስ የሚደረግበት ምሽት ነበርና አምስት ሸክላ በቦርሳ ይዤ ሄድኩ። አርባና ሃምሳ ዓመት የሞላቸው ስዊድኖች ዐይናቸውን ጨፍነው ይደንሳሉ። ዲጄው ዕቃውን ሲሰበስብ ጠብቄ ሸክላዎቹን አሳየሁት። ስለ ዘፋኞቹ ይነግረኛል ብዬ ስጠብቅ፣ እሱ የስልኩን መብራት አብርቶ ጠርዛቸውን መመርመር ጀመረ።

"ይህ ሰው አንድ ማጫወቻ ብቻ ነበረው" አለኝ።

በምን አወቅህ አልኩት። መርፌው የሚወድቅበትን የመጀመሪያውን ጠርዝ አሳየኝ። 14 ላይ፣ 15 ላይ፣ 16 ላይ ጠርዙ በጭረት ተበልቷል፤ ጭረቱም አንዱ በአንዱ ላይ የተደራረበ ነው። ሁለት ማጫወቻ ያለው ሰው አንዱ ሲዘፍን ሌላውን ተረጋግቶ ያዘጋጃል። አንድ ብቻ ያለው ግን ዘፈኑ ባለቀ ቁጥር ሕዝቡ በዝምታ መሃል ቆሞ ሲጠብቀው፣ በጨለማ፣ በጥድፊያ መርፌውን ይጥላል። ቁጥሩ የምሽቱ ቅደም ተከተል ነው፤ ቀዩ ነጥብ ለፈጣኑ፣ ሰማያዊው ለዝግተኛው። ከዚያ 18ን አነሣ። ጠርዙ ንጹሕ ነው። አንድ ጭረት እንኳ የለበትም።

"እዚህ ላይ አልቸኮለም" አለ። "17 ላይ ሕዝቡን የያዘለት ሌላ ሰው ነበር።"

የምሽቱ የመጨረሻ ባቡር ቴንስታ ጣቢያ አወረደኝ። ግድግዳው ላይ ሄልጋ ሄንሸን እ.ኤ.አ. በ1975 የሳለችው ሥዕል አለ፤ ስሙ ለስደተኞች የተበረከተ ጽጌረዳ ማለት ነው። ጋሼ በየቀኑ ያለፈበት ግድግዳ ነው። እኔ ለካ ስፈልግ የኖርኩት ዕቃ ነው፤ ሰው አልፈለግኩም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ቡና በሚጠጣበት ክፍል፣ ሽበት ያላቸውን እየመረጥኩ ጠየቅኩ። ጋሼ ሸክላ ያጫውት ነበር ወይ? አንድ አባት ስኒያቸውን አስቀመጡና "የቅዳሜው ማኅበር!" አሉ። ቴንስታ፣ ፎቅ ሥር ያለው የነዋሪዎች አዳራሽ፤ በወር አንድ ቅዳሜ። አዲስ አበባ ሰዓት እላፊ ታውጆ፣ የነዓለማየሁ ክለቦች በጊዜ በራቸውን በሚዘጉበት ዘመን፣ እዚህ ደግሞ ሸክላው በበረዶ መሃል ይዞር ነበር። ሴቶቹ በስንዴ ዱቄት የጋገሩትን እንጀራ ይዘው ይመጣሉ። ጋሼ ከመድረኩ ጥግ፣ ጠረጴዛ ላይ፣ ማጫወቻውን ይዞ ይቀመጣል። "በር ላይ ካፖርት ይቀበሉ የነበሩትን እትዬን ጠይቂ" አሉኝ። "ሁስቢ ናቸው። ከሳቸው የሚያመልጥ ነገር የለም።"

አዳራሹን አይቼ መጣሁ። ዛሬ የጠረጴዛ ቴኒስ ይጫወቱበታል። የካፖርት መስቀያው ብረት ግን አሁንም ግድግዳው ላይ አለ፤ በተርታ ቁጥር ተጽፎበት።

እትዬ ሰማንያ አልፏቸዋል። ስደውል "ማክሰኞ ነይ፤ ግን የልብስ ማጠቢያ ተራዬ ሰባት ሰዓት ላይ ነው" አሉኝ። በጊዜ ሄድኩ። ቡናው እስኪፈላ ስለ ጋሼ ሕመም፣ ስለ ቀብሩ፣ ስለ እናቴ ጠየቁኝ። ከዚያ ቁጥሮቹን ነገርኳቸው።

"እኛ ቤት ጋሼ ዳንስ አያውቅም ነው የሚባለው" አልኳቸው።

"ማን? እሱ?" ስኒውን ይዘው ቀሩ። "እንደሱ ያለ ትከሻ አላየሁም፣ ልጄ። ሸክላ ሲያጫውት አይነሣም፤ እንዴት ይነሣል? ማሽኑን ማን ይይዝለታል? ተራው ሲደርስ ግን ክቡ ውስጥ ገብቶ ይንዘፈዘፋል።"

"ተራው የቱ ነው?"

"አሥራ ሰባት ነዋ።"

እንዲህ ነበር አሉኝ። ሶሉን የሚደንሰው ወጣቱ ነው። ከገጠር የመጣው፣ በዕድሜ ጠና ያለው፣ እርጉዟ፣ ግድግዳ ይዘው ያያሉ። ግድግዳውም እንደ ሁለቱ ባላንጣ ፓርቲዎች ሁለት ነው፤ የኢሕአፓ ሰው በዚህ፣ የመኢሶን ሰው በዚያ። ወንድሙ የሞተበት በዚህም አለ፣ በዚያም አለ፤ ሰላምታ እንኳ የማይለዋወጡ ነበሩ። ሌሊቱ አጋማሽ ላይ ጋሼ ማሽኑን ያጠፋል። እትዬ ካፖርቱን ትተው ከበሮአቸውን አንሥተው ይገባሉ። ጭብጨባው ሲሞቅ ማን ከየትኛው ግድግዳ እንደመጣ አይለይም። ያ ሲያበቃ ሰው ላቡን እየጠረገ ባለበት ጋሼ ቀስ ብሎ፣ እጁን ሳያንቀጠቅጥ፣ 18ን ያስቀምጣል። ዝግተኛውን። ሰማያዊውን።

"ታዲያ ለምን ቀረ?"

"ማኅበሩ ለሁለት ተከፈለ። እነዚህም የራሳቸውን ምሽት፣ እነዚያም የራሳቸውን ሊያደርጉ አሰቡ። ማጫወቻ ያለው ደግሞ እሱ ብቻ ነው። ሁለቱም ለመኑት። 'ለግማሽ ሰው አላጫውትም' ብሎ ሸክላውን በካርቶን አድርጎ ይዞ ሄደ።"

እኔ ያየሁት ጋሼ ከዚያ ቀን በኋላ ያለውን ነው። ግድግዳ ተጠግቶ፣ ካፖርቱን ጭኑ ላይ አጥፎ የሚቀመጠውን። ካፖርቱን ለማንም ሰጥቶ እንደማያውቅ ያኔ ነው ያስተዋልኩት።

እትዬ ቁልፍ አነሡና ወደ ምድር ቤት ወረድን። በሽቦ በታጠረው የዕቃ ማስቀመጫቸው ውስጥ የልጅ ብስክሌት፣ የገና ዛፍ እግር፣ መሶብ፤ ከመሶቡ ኋላ በአሮጌ ጋቢ የተጠቀለለ ነገር አለ። ጋቢውን ፈቱት። ከበሮው ከገመትኩት ያንሳል። ቆዳው መሃል ላይ፣ መዳፍ በሚያርፍበት፣ ጠቁሮ ያበራል። እትዬ ጠርዙን ይዘው ገለበጡልኝ።

ጠፍሩ ከእንጨቱ በሚገናኝበት በኩል፣ ዳሩ ተልጦ ቢጫ የሆነ ፕላስተር ተለጥፏል። 17። ከቁጥሩ አጠገብ ሁለት ነጥብ፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ።

"በይ ምቺው" አሉኝ። "ተራዬ እስኪደርስ አርባ ደቂቃ አለን።"