በርሜሉ ውስጥ ያሉት ፍጥረታት

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የምንኖር ሰዎች ውሃ የምናገኘው በፈረቃ ነው። ስለዚህ እኔም ቤት፣ ጎረቤቶቼም ቤት በርሜል አለ። በቅርቡ ለዐስር ሶላት ውዱእ ላደርግ ብዬ ክዳኑ ከተሰነጠቀው በርሜላችን ስቀዳ፣ በጣሳው ውስጥ ክር የሚያካክሉ ነገሮች ሲወራጩ አየሁ። አሥረኛ ክፍል የምትማረው ልጄ በትከሻዬ በኩል አየችና፣ «አባ፣ በዚህ ውሃ ውዱእ ይሆናል?» አለችኝ።

ዝም አልኩ። ይህን ጥያቄ ከዚህ በፊት ተጠይቄ መልሼዋለሁና።

በ2013 ዓ.ም. ለዒድ ድሬዳዋ እህቴ ዘንድ ሄጄ ነበር። በግቢዋ ካለው በርሜል እንዲሁ የሚወራጩ ነገሮች አሳየችኝና ያንኑ ጠየቀችኝ። እኔም በመድረሳ የተማርኩትን አስረዳኋት፤ የሚፈስ ደም የሌላቸው ነፍሳት ውሃውን እንደማያነጅሱት ነገርኳት። መልሱ ትክክል ነበር። እርሷም ልቧ አረፈ፤ በርሜሉም ክፍቱን ቀረ።

በ2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ ዝናብ በሌለበት ወቅት የወባ ወረርሽኝ ተነሳ። የሰባት ዓመቱ የእህቴ ልጅም ታመመ። ሦስት ሌሊት በትኩሳት ሲቃዥ እህቴ ስልክ ላይ እያለቀሰች ዱዓ አድርግልን ትለኝ ነበር። አልሐምዱሊላህ፣ ተርፏል። የነከሰችው ትንኝ ከዚያ በርሜል ወጣች ብዬ ልምል አልችልም። አልወጣችም ብዬ ልምልም ግን አልችልም።

ኋላ ጠይቄ እንደተረዳሁት፣ ያን ወረርሽኝ ያባባሰችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል ትንኝ ናት። መነሻዋ ደቡብ እስያና የዓረቢያ ምድር ሲሆን፣ በአገራችን መጀመሪያ የታየችው እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪደሃር ነው። ሌሎቹ የወባ ትንኞች በአብዛኛው ዝናብ ያቆረውን ውሃ ሲሹ፣ እርሷ ግን በከተማ፣ ሰው ባጠራቀመው ንጹሕ ውሃ ትራባለች። ዝናብ ባይኖር ግድ የላትም፤ የእኛ በርሜል ይበቃታል።

እንግዲህ ለልጄ ያን ሁሉ ነገርኳት። ከዚያም ከበርሜሉ በብርጭቆ ቀድተን ብርሃን ላይ አየነው። የወባ ትንኝ እጭ መተንፈሻ ቱቦ ስለሌላት ከውሃው ወለል ጋር ትይዩ ሆና ትጋደማለች። የሌሎቹ ቢንቢዎች እጭ ግን ጅራቱ ላይ ባለው ቱቦ ስለሚተነፍስ፣ ራሱን ወደ ታች ዘቅዝቆ ይንጠለጠላል። የእኛዎቹ የተዘቀዘቁት ነበሩ። እንደ አዲስ ጨረቃ የጎበጡም ነበሩባቸው፤ እነዚህ ክንፍ አውጥተው ለመብረር የተቃረቡት ናቸው። ከታች ዝቃጩ ውስጥ ደግሞ ሁለት ቀያይ ትል መሰሎች አገኘን። እነርሱ ሲያድጉ ቢንቢ ቢመስሉም አይናከሱም፤ ቅላታቸውም እንደ እኛው ደም አየር ከሚይዝ ነገር የመጣ ነው። ልጄ «ሱብሓነላህ!» አለች። ቁርኣን በሱረቱል በቀራ ትንኝን በምሳሌነት ማንሳቱን ስንት ጊዜ አስተምሬአለሁ! ጎንበስ ብዬ ያየሁት ግን ያን ቀን ነበር።

የኛ ሰፈር ከፍታ ከ2000 ሜትር በላይ ስለሆነ ወባ እንደ ቆላው አያሰጋንም። ቢሆንም ያቺ እንግዳ ትንኝ ከከተማ ከተማ እየተዛመተች ነውና መዘናጋት አይገባም። ከእንቁላል ተነሥታ ለመብረር የሚፈጅባት ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ነው። ስለዚህ በየሳምንቱ በርሜሉን ደፍቶ ግድግዳውን መፈግፈግ፣ ክዳኑን በደንብ መግጠም፣ የተሰነጠቀ ከሆነም በስስ ጨርቅ ማሰር ይበቃል። እኛ የዚያኑ ዕለት ውሃውን ለወለል ማጠቢያ አድርገን በርሜሉን ፈገፈግነው።

ለእህቴም ደወልኩላት። «ያኔ የመለስኩልሽ ግማሹን ነው፤ ውሃው ጧሂር መሆኑን እንጂ ልጅሽን ይጎዳ እንደሆነ አላሰብኩም። ዐውፍ በይኝ» አልኳት። ጥቂት ዝም ብላ፣ «ወንድሜ፣ እኔ በርሜሉን መክደን ከጀመርኩ ቆየሁ፤ አንተ ነህ የዘገየኸው» አለችኝ።

ወላሁ አዕለም።