የወሰድኳቸውን አገሮች መለስኩ

ክረምቱ እንዴት አለፈ? የእኔ ክረምት ያለፈው እንቆቅልሽ ስጠይቅና ስመልስ ነው። በዚህ ጨዋታ ጎንደርን፣ ሐረርን፣ ጅማንና ሌሎች ስምንት ከተሞችን ወስጄ ነበር። ግን ከተሞቹን ስሰበስብ አንድ ጓደኛ ላጣ ትንሽ ነው የቀረኝ። ዛሬ የምነግራችሁ ይህንኑ ነው።

ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ እኛ ሦስት የክፍል ጓደኛሞች ተለያየን። አንዷ ክረምቱን አያቷ ጋ ልታሳልፍ ደብረ ብርሃን ሄደች። አንዱ የሰፈሬ ልጅ ነው፤ ነገር ግን ዝናቡ ከቤት አላስወጣን አለ። ስለዚህ ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ከፈትንና ስሙን «እንቆቅልህ» አልነው። ልጅቷ ወዲያው «እኔስ? እንቆቅልሽ ይባል እንጂ!» ብላ ተከራከረች። እውነቷን ስለሆነ ቀየርነው። ሦስታችንም የራሳችን ስልክ የለንም። እኔ የእማዬን፣ እሱ የታላቅ ወንድሙን፣ እሷ ደግሞ የአክስቷን ስልክ ነበር የምንጠቀመው።

ሕጋችን ቀላል ነው። እያንዳንዳችን በየተራችን አንድ የጠቅላላ ዕውቀት ጥያቄና አንድ እንቆቅልሽ እንጠይቃለን። መልስ የሚሰጠው እስከ ማታ 3 ሰዓት ነው። ቀድሞ የመለሰ ካልመለሰው ላይ አገር ይወስዳል፤ ማንም ካልመለሰ ደግሞ ጠያቂው ይወስዳል። ይህ እኛ የፈጠርነው አይደለም። አያቶቻችን እሳት ዳር ሲጫወቱ «እንቆቅልህ?» «ምን አውቅልህ?» ይባባሉና መልሱ ሲጠፋ «አገር ስጠኝ» ይባላል። አገር የተሰጠውም ሰው «ሐረር ገብቼ ምን አጥቼ!» እያለ ይፎክራል። እኛ የምንፎክረው በቮይስ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በጣም ደስ ይሉ ነበር። «ጎን ለጎን ተቀምጠው የማይተያዩ ወንድማማቾች?» ይላል እሱ። ዓይኖች! «ልብሷን ሳወልቅባት እኔን የምታስለቅሰኝ?» ትላለች እሷ። ሽንኩርት! «ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ የሚገናኙት የት ነው?» እላለሁ እኔ። ካርቱም! አንዱን ስመልስ አንዱን እስታለሁ። ሁላችንም እንደዚያው ነበርን።

አንድ ቀን ግን በአንድ ሌሊት ሁለት ከተማ ተወሰደብኝ። በጣም ተናደድኩ። በማግስቱ ጥያቄው ሲመጣ እንዳለ ገልብጬ ጎግል ላይ ለጠፍኩት። መልሱ ወዲያው መጣ። «ለዛሬ ብቻ ነው» አልኩ በልቤ። ለዛሬ ብቻ የተባለው ግን ሳምንት ሞላ። እማዬ «የኔን ዳታ ማን ነው እንዲህ የሚጨርሰው?» ስትል ዝም አልኩ። ከተሞቹ እየመጡ ነበራ!

ከዚያ ልጅቷ «የራስ ዳሸን ተራራ ከፍታ ስንት ሜትር ነው?» ብላ ጠየቀች። እኔ ከኢንተርኔት ላይ ገልብጬ ላክሁ። ሳላስተውል ግን ከቁጥሩ አጠገብ የነበረችውን ትንሽ ምልክትም አብሬ ገልብጬ ኖሮ፣ «4,550 ሜትር [2]» የሚል ሆኖ ሄደ። የሰፈሬ ልጅ ማታ ሲገባ «4,620 ሜትር» ብሎ መለሰ። ከአባቱ የድሮ መጽሐፍ ላይ ፈልጎ ያገኘው ነው። እኔም «ተሳስተሃል፣ አገር ስጠኝ!» አልኩት። ብዙ ቆይቶ «ወልድያን ሰጥቼሃለሁ» ብሎ ጻፈ። ቀጥሎ ደግሞ «ይቺ 2 ቁጥር ግን ምንድን ናት?» አለኝ።

«እጄ ነክቶት ነው» አልኩት። ዋሸሁ።

በማግስቱ ጠዋት ስልኩን ስከፍት ቴሌግራም እሱ ከግሩፑ መውጣቱን ጽፎልኛል። ቻው እንኳን አላለም። ዝናቡ ሲያባራ ኳስ ለመጫወት ይጠራኝ የነበረው ልጅ ከዚያ በኋላ በራችንን አላንኳኳም።

ሁለት ብቻ ቀረን። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ልጅቷ ከአያቷ የሰማችውን እንቆቅልሽ ላከች። «ሺህ ዓይን አላት፣ አንዱም ግን አያይላትም። ምንድን ናት?» እኔ እንደለመድኩት ፍለጋ ገባሁ። ስለ ዝንብ መጣ፣ ስለ ሸረሪት መጣ፣ ስለ ውኃ ተርብ መጣ። እማዬ ምሳ አቅርባ ሦስት ጊዜ ጠራችኝ። «እሺ፣ መጣሁ» እያልኩ ዓይኔን ከስልኩ ሳልነቅል በቀኝ እጄ እየቆረስኩ እበላለሁ። በመጨረሻ «ዝንብ» ብዬ ላክሁ። ልጅቷ በቮይስ እየሳቀች መለሰችልኝ፦ «እንጀራ ናት እኮ! አያቴ ምን አለች መሰለህ? ‹እየበላ ይሆናል የጠፋበት› አለች።»

እጄን ወደ ታች አየሁት። እንጀራው እጄ ላይ ነበር፣ ዓይኑ ሁሉ ወደ እኔ ያፈጠጠ መሰለኝ። መጀመሪያ ሳቅሁ፣ ቀጥሎ ግን አፈርኩ። አንድ ደቂቃ ቆም ብዬ ባስብ ኖሮ እደርስበት ነበር። ለካ ማሰብ ካቆምኩ ቆይቻለሁ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ጃንጥላ ይዤ የሰፈሬ ልጅ ቤት ሄድኩ። በሩን ሲከፍት ፊቱን ቋጠረ።

«ጎግል እያደረግሁ ነበር የምመልሰው» አልኩት ሌላ ነገር ሳልጨምር።

«አውቃለሁ» አለ። «እኔ የወጣሁት መልሱን ስላላወቅሁ እንዳይመስልህ። አንተም እንደማታውቀው ስለገባኝ ነው። ወንድሜ ስልኩን የሚሰጠኝ ማታ ለግማሽ ሰዓት ብቻ ነው። እኔ ቀኑን ሙሉ ሳስብ፣ መጽሐፍ ሳገላብጥ፣ ሰው ስጠይቅ ውዬ ስገባ አንተ ጠዋት መልሰህ ጨርሰሃል። ወልድያ ደግሞ የአባቴ አገር ናት። ሌላ የምሰጥህ ስለጨረስኩ ነው የሰጠሁህ።»

ይህን ሲለኝ የምመልሰው ጠፋኝ። «ወልድያን መልሻለሁ» አልኩት።

«ጅማንስ?»

«ጅማንም።»

«ሐረርንስ?»

«ሁሉንም!» ስል ሳቁ መጣ። እናቱም «ምነው በር ላይ ቆማችሁ፣ ግቡ እንጂ» ብለው ቆሎ አቀረቡልን።

ያን ዕለት አዲስ ሕግ አወጣን። ኢንተርኔት ላይ መፈለግ አልከለከልንም፤ ብዙ ነገር እንማርበታለን። ነገር ግን የፈለገ ሰው «ፈልጌ ነው» ብሎ ይናገራል፣ አገርም አይወስድም። መልሱ ለምን ትክክል እንደሆነም ማስረዳት አለበት። ልጅቷም ከደብረ ብርሃን ተስማማች።

በአዲሱ ሕግ የመጀመሪያውን ጥያቄ የጠየቀው እሱ ነው። «አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን ሮጦ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የኦሎምፒክ ወርቅ ያመጣው በእኛ አቆጣጠር ስንት ቀን ነው?» እኔ «ፈልጌ ነው» ብዬ «መስከረም 10 ቀን 1960» አልኩ። «ይኸው ተሳሳትክ!» አለኝ። ለካ ያነበብኩት የፈረንጆቹን ሴፕቴምበር ነው። በእኛ ገና መስከረም አልጠባም ነበር።

ወረቀት ይዘን ቁጭ አልን። አዲስ ዓመታችን ብዙ ጊዜ የሚውለው በፈረንጆች ሴፕቴምበር 11 ነው። ያለፈው ዓመት ጳጉሜ 6 ከሆነች ግን 12 ይሆናል። «ጳጉሜ 6 የምትሆነው መቼ ነው?» ብለን እማዬን ጠየቅናት። «በየአራት ዓመቱ፣ በዘመነ ሉቃስ» አለችን። ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ሲካፈል 3 ከተረፈ ሉቃስ ነው። 1952 ለ4 ሲካፈል ግን ምንም አይተርፍም። ስለዚህ ዮሐንስ ነው፣ ጳጉሜም 5 ናት። እንግዲህ አዲሱ ዓመት 1953 የገባው ሴፕቴምበር 11 ከሆነ፣ ሴፕቴምበር 10 ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው ማለት ነው። የዓመቱ የመጨረሻ ቀን፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ!

ያ ሩጫ አመሻሹ ላይ ተጀምሮ የተጠናቀቀው በጨለማ ነው። አበበ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲሮጥ በመንገዱ ዳር የጣሊያን ወታደሮች ችቦ ይዘው ያበሩ ነበር። እኛስ አገር በእንቁጣጣሽ ዋዜማ የሚበራው ምንድን ነው? ችቦ! ይህን ስናውቅ ሦስታችንም የየራሳችንን ቤት ሰው እየሮጥን ሄደን ነገርን። ጎግል ቀኑን ሰጥቶኛል፣ ይህን ደስታ ግን ያገኘነው ወረቀቱ ላይ ስንደክም ነው።

መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት የራስ ዳሸንን ነገር የማኅበራዊ ትምህርት መምህራችንን ጠየቅናቸው። በቀድሞ መጻሕፍት 4,620 ሜትር ተብሎ ይጻፍ እንደነበር፣ በኋላ ግን 4,550 እና 4,533 የሚሉ ልኬቶች እንደመጡ አስረዱን። ስለዚህ ጓደኛዬ ዝም ብሎ አልገመተም፤ ከመጽሐፍ አንብቦ ነበር። እኔ ግን ቁጥሩን ከነምልክቱ ከመገልበጥ በቀር ያነበብኩት ነገር አልነበረም። ይቅርታ ጠየቅሁት። «ከይቅርታው ይልቅ ላሊበላን ስጠኝ» አለኝ። ሰጠሁት።

ውድ አንባቢያን፣ እናንተም ከጓደኞቻችሁ ጋር እንቆቅልሽ ተጠያየቁ። በስልክም ይሁን በአፍ፣ መጀመሪያ አስቡ፣ ቀጥሎ ሰው ጠይቁ፣ ከዚያ ፈልጉ። የፈለጋችሁትንም «ፈልጌ ነው» በሉ።

በሉ እንግዲህ፣ ይህችን እኔ ራሴ የፈጠርኳትን ይዛችሁ ሂዱ። እንቆቅልሽ!

በጥቁር ሜዳ ላይ ነጭ በሬ ያርሳል፤ ባረሰ ቁጥር ራሱ ያልቃል። ምንድን ነው?

መልሱ ክፍላችሁ ውስጥ ነው። ያወቀ በረፍት ሰዓት ሚኒ ሚዲያ ክፍል መጥቶ ይንገረን። ያላወቀ ግን አገር ይስጠኝ። ቸር ይግጠመን!