ገና ያልተጫወተውን ስለ ማመስገን

በአውስትራልያ አገር፥ በሜልቦርን ከተማ፥ የበጋው ሐሩር ሊበርድ ሲል፥ ይኸውም በእኛ የካቲት፥ በምዕራቡ ሰፈር በፉትስክሬይ የሚኖሩ ሰዎች አንድ ሥራ ይይዛሉ። ሥራውም ገና ያልተጀመረውን የኳስ ወራት በአፍ መጨረስ ነው። ዘንድሮ ማን ይደምቃል፤ ከአዲሶቹ ልጆች ማን ስሙን ያስጠራል፤ ጕልበቱን ታሞ የከረመው ሰው እንደ ጥንቱ ይሮጥ ይሆን፤ እያሉ በጠጕር ቈራጭ ቤት፥ በባቡር ጣቢያ፥ በቡና ቤት ይከራከራሉ። ጨዋታው የሚጀመረው በመጋቢት ገደማ ነው፤ የሚፈጸመውም በመስከረም ነው። እነርሱ ግን ከመጀመሩ በፊት አመስግነውና ነቅፈው ይጠብቁታል።

በዚያ ሰፈር ጥቂት ዓመት ስለ ተቀመጥሁ ነገሩን በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። የሰፈሩ ቡድን ዌስተርን ቡልዶግስ ይባላል፤ እስከ 1996 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር እጽፋለሁ) በሰፈሩ ስም ፉትስክሬይ ይባል ነበር። ምልክቱ ውሻ ነው። አኩፋዳ አንግቶ በየደጁ ሲለምን ከውሻ ጋራ ሲታገል ያደገ የቅኔ ተማሪ፥ ጠጕሩ ከሸበተ በኋላ ውሻ በደረታቸው አትመው ከሚሄዱ ሰዎች ጋራ መቀመጡ ለራሱም ያስቀዋል።

ጨዋታው እኛ የምናውቀው እግር ኳስ አይደለም። ሜዳውም ኳሱም ሞላላ ነው። በየወገኑ 18 ሰዎች ይሰለፋሉ፤ ኳሱን በእግር ይመታሉ፥ በእጅ ይይዛሉ፥ በቡጢ መትተው ለጓደኛ ያቀብላሉ፤ መወርወር ብቻ ክልክል ነው። በሜዳው በየጫፉ አራት ምሰሶዎች ቆመዋል። በመካከለኞቹ ሁለት ምሰሶዎች መካከል በእግር ተመትቶ ያለፈ ኳስ 6 ነጥብ ያስገኛል፤ በዳርና በዳር በኩል ያለፈው ግን 1 ነጥብ። ለሳተ ሰው ዋጋ የሚሰጥ ጨዋታ ከዚህ በቀር አላየሁም።

በዚያው ሰፈር በኒኮልሰን መንገድና በአካባቢው ከአገራችን የሄዱ ሰዎች ምግብ ቤትና ቡና ቤት ከፍተው ይኖራሉ። አባቶቹ የሚከራከሩት ስለ እንግሊዝ ቡድኖች ነው፤ ልጆቹ ግን በዚያ ስለ ተወለዱ የሞላላውን ኳስ ነገር ይዘዋል። እኔም ክርክሩን የሰማሁት አስቀድሞ ከእነርሱ ነው፤ በኋላም ከአንድ ሽማግሌ ጎረቤቴ። እኒህ ሰው ወደ ሰማንያ የሚጠጉ ናቸው። ፉትስክሬይ በ1954 ሜልቦርንን አሸንፎ ዋንጫ ሲወስድ የ8 ዓመት ልጅ ሆነው አይተዋል። ከዚያ በኋላ ቡድኑ ዋንጫ ሳያገኝ 62 ዓመት አለፈ፤ እርሳቸውም 62 ጊዜ «ዘንድሮ ነው» ብለዋል።

ነገሩን ስሰማ የቅኔ ቤት ትዝ አለኝ። በእኛም ጉባኤ አዲስ ተማሪ ሲመጣ ነባሮቹ ማታ እሳት ዳር ተቀምጠው ልጁን ይመዝኑት ነበር። ይህ ድምፁ ያማረ ነው፤ ያ ቃል አይጠፋውም፤ ይህ ደግሞ የመምህርነት ግንባር አለው፤ ይባል ነበር። ገና ጉባኤ ቃና ያልሞላለትን ልጅ በአፋቸው ወንበር ላይ ያስቀምጡት ነበር። የኔታ ግን ዝም ይሉ ነበር። ቢጠየቁም «ነገራው ይናገር» ብለው ያልፉታል እንጂ ስም አይጠሩም። በዚያ ጊዜ ዝምታቸው ንፍገት ይመስለን ነበር።

ከእነዚያ ከተመሰገኑት አንዱን አስታውሳለሁ። ከሁላችን ይልቅ ፈጣን ነበር፤ በእውነትም ፈጣን ነበር፤ ያመሰገኑት አልዋሹም። ዳሩ ግን ከምስጋናው በኋላ ቆጠራ ሲወርድ ሁሉ ሰው የሚጠብቀው እርሱን ሆነ። መካከለኛ ቅኔ ቢናገር፥ ከሌላ አፍ ቢወጣ «ይበል» የሚባልለት ቅኔ፥ ከእርሱ አፍ ሲወጣ ፊታቸውን ያጠቍሩበት ነበር። አንድ ሌሊት አኩፋዳውን ይዞ ጠፋ። በማግሥቱ ስለ እርሱ የተናገረ ሰው አልነበረም፤ እሳት ዳር ግን ሌላ ልጅ መመዘን ጀመሩ።

ስለ ቶም ቦይድ ነገር ሽማግሌው ሲነግሩኝ ይህ ልጅ በዓይኔ ላይ መጣ። ነገሩስ እንዲህ ነው። በአውስትራልያ ክለቦቹ በየዓመቱ በኅዳር ገደማ ወጣት ተጫዋቾችን በተራ ይመርጣሉ፤ በዓመቱ ከሁሉ በታች የሆነው አስቀድሞ ይመርጣል። በ1ኛ ተራ የተጠራ ልጅ ገና አንድ ጨዋታ ሳይጫወት አገር ያውቀዋል። በ2013 በ1ኛ ተራ የተጠራው ቦይድ ነው፤ የወሰደውም የሲድኒው ግሬተር ዌስተርን ሲድኒ ነው። በዚያው ዓመት ቡልዶግስ በ4ኛው ተራ ማርከስ ቦንቴምፔሊን ወሰዱ። በዓመቱ የቡልዶግስ አለቃ ራያን ግሪፈን ወደ ሲድኒው ክለብ ሲሄድ ቦይድ በልዋጩ መጣ፤ የ19 ዓመት ልጅ ሳለም የ7 ዓመት ውል ከብዙ ገንዘብ ጋራ ተሰጠው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ የዚያን የካቲት ክርክር ገምት። ልጁ ይህን ያህል ያገባል፤ የለም ከዚህ ይበልጣል፤ ይባል ነበር። ግምቱ ግን ከክርክሩ በኋላ አብሮ አይሞትም፤ ወደ ሜዳ ይወርዳል። ኳስ ከእጁ ባመለጠች ቍጥር ከደመወዙ ጋራ ትመዘን ጀመር። ሌላው ሰው ከተጋጣሚው ጋራ ብቻ ሲጫወት፥ እርሱ ሰዎች ገና በየካቲት ከሣሉት ከሌላ ቶም ቦይድ ጋራም ይጫወት ነበር።

በ2016 ቡድኑ ወራቱን በ7ኛነት ጨረሰ፤ ከ7ኛ ስፍራ ተነሥቶ ዋንጫ የወሰደ ከዚያ በፊት አልነበረም። ቡልዶግስ ግን አራት ጨዋታ በተከታታይ አሸነፉ። በመጨረሻው ቀን፥ በፈረንጆች ጥቅምት 1 ቀን፥ 99,981 ሰው በተሰበሰበበት ሜዳ ሲድኒን 89 ለ67 ረቱ። በዚያ ቀን ቦይድ ሦስት ጊዜ አገባ፤ ሦስተኛውም ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ከሩቅ የመታው ነበር፤ ኳሱ መሬት ላይ ነጥሮ በምሰሶዎቹ መካከል ገባ። ሽማግሌው ይህን ሲነግሩኝ ቆመው በእጃቸው የኳሱን መንገድ ያሳዩኝ ነበር። ግምቱ ሁሉ በአንድ ከሰዓት በኋላ ተፈጸመ። በሚመጣው ዓመት በ2017 ቦይድ የአእምሮ ጤናው ስለ ታወከ ከጨዋታ ለጊዜው ዕረፍት ወሰደ። በ2019 ውሉ ገና ሳያልቅ፥ በ23 ዓመቱ፥ ጨዋታውን ፈጽሞ ተወ።

በ4ኛ ተራ የተጠራው ቦንቴምፔሊ ከ2020 ጀምሮ የቡድኑ አለቃ ሆነ። ለእርሱም ግምት አይጐድልበትም። ከ1924 ጀምሮ በሊጉ ለላቀው ተጫዋች የሚሰጥ ብራውንሎው የሚባል ሜዳይ አለ፤ የሜዳው ዳኞች ከጨዋታ በኋላ 3፥ 2፥ 1 እያሉ ድምፅ ይሰጣሉ፤ ድምፁም እስከ ወራቱ ፍጻሜ ታትሞ ይቀመጣል። «ዘንድሮ የቦንቴምፔሊ ነው» ሲባል ኖሯል፤ እርሱም በ2021 እና በ2023 2ኛ ወጣ። በዚሁ ቡድን በ1997 ክሪስ ግራንት የሚባል ተጫዋች 27 ድምፅ አግኝቶ ከሁሉ በልጦ ነበር፤ ዳሩ ግን በዚያ ዓመት አንድ ጊዜ በቅጣት ታግዶ ስለ ነበረ ሜዳዩ 26 ድምፅ ላገኘው ለሮበርት ሃርቪ ተሰጠ። እንዲህ ያለውን ነገር በየካቲት ማን ይገምታል?

ያልተገመቱትንም መርሳት አይገባም። ቁመቱ 163 ሳንቲ ሜትር የሆነው ቶኒ ሊበራቶሬ በ1990 ያን ሜዳይ ወሰደ። ኬሌብ ዳንኤል 168 ሳንቲ ሜትር ነበር፤ በ2014 በ46ኛው ተራ እስኪጠራ ድረስ ክለቦቹ ሁሉ አልፈውት ነበር፤ በ2016 ዋንጫውን ከወሰዱት አንዱ ሆነ፥ በ2020ም የክለቡ የዓመቱ የላቀ ተጫዋች ተባለ። ቁመት ለሚጠይቅ ጨዋታ ሁለቱን በግምት መዝገብ ላይ የሚያስቀድም ሰው እብድ ይባል ነበር።

ሽማግሌው መዝገብ አላቸው፤ በየዓመቱ አምስት ስም የሚጽፉበት ደብተር ነው። አንድ ቀን አሳዩኝ። የዛሬ ወጣቶች ከስም አጠገብ ይህን ያህል ጎል፥ ይህን ያህል ኳስ ብለው ቍጥር ያኖራሉ፤ በእርሳቸው ደብተር ግን ቍጥር የለም፥ ስረዛም የለም። የ2016ን ገጽ ገልጬ ባይ ከላይ የቦብ መርፊ ስም አለ። መርፊ በዚያ ዓመት አለቃ ነበር፤ ወራቱ በተጀመረ በ3ኛው ጨዋታ ጕልበቱ ተጐድቶ ዓመቱን ሙሉ ተቀመጠ። በዋንጫው ቀን ግን አሠልጣኙ ሉክ ቤቨሪጅ ለራሱ የተሰጠውን ሜዳይ ከአንገቱ አውልቆ መርፊን ወደ መድረክ ጠርቶ አጠለቀለት። «ስለዚህ ትክክል ገምቻለሁ» ብለው ሳቁ። የቦይድም ስም በ2015 አለ፥ በ2016 አለ፥ ዕረፍት ከወሰደ በኋላ በ2018 አለ፥ በ2019ም አለ። ባይሳካላቸውም ስለ ምን እንደሚጽፏቸው ብጠይቅ፥ «ስማቸውን ጽፌ ካልጠበቅኋቸው ለማን ብዬ በብርድ እቆማለሁ?» አሉኝ።

ይህ መልስ የኔታን ዝምታ አላፈረሰብኝም፤ ከዝምታው ጋራ ግን እስከ ዛሬ ይከራከርብኛል። ዝምታው ልጁን ከሸክም ያድነዋል፤ ነገር ግን የሚጠብቀው ሰው እንዳለ አይነግረውም። ደብተሩ ደግሞ ይጠብቃል እንጂ አይጠይቅም፤ ተጫዋቾቹም ደብተሩ እንዳለ አያውቁም። ልዩነቱ ያለው ግምቱ በማን ጆሮ በመነገሩ ይመስለኛል።

ይህን እንድል ያደረገኝ ከወገኖቻችን የአንዱ ልጅ ነው። ዕድሜው 13 ነው፤ በሰፈሩ የልጆች ቡድን ይጫወታል፤ ሯጭ ነው። ከጸሎት በኋላ ቡና ሲጠጣ አባቶች በመካከላቸው አቁመው፥ አንተ እኮ ትልቁ ቡድን ትገባለህ፤ የአገርህን ስም ታስጠራለህ፤ አባትህን ከሌሊት ሥራ ታወጣዋለህ፤ ይሉታል። ፍቅር ነው፤ ክፋት የለበትም። ልጁ ግን ይህን በሰማ ቍጥር ጫማውን ያያል። አባቱን ለብቻው ጠርቼ በልጁ ፊት ይህ ነገር እንዲቀር ለመንሁት፤ «የኔታ፥ ተስፋዬን ልደብቀው?» አለኝ። በልቡ ይያዘው፥ ከፈለገም ይጻፈው አልሁት። ፈቀደም አልፈቀደም ሳይነግረኝ ሄደ።

በዚያ ሰሞን ሽማግሌው ልጁን በደጄ አገኙት። ስንት ጎል እንዳገባ አልጠየቁትም። በዝናብ ቀን መጫወት ይወድ እንደ ሆነ ጠየቁት። ልጁም ኳሱ ከእጅ እንደሚያመልጥ፥ ጭቃውም ዓይን ውስጥ እንደሚገባ፥ እርሱ ግን ከደረቁ ቀን ይልቅ የዝናቡን እንደሚወድ ብዙ ነገር ተናገረ፤ ያን ያህል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም ነበር።