ዘበኛው በሩን ቢሰብር ማን ይክፈል?

ወዳጆቼ፣ ለቤታችሁ ዘበኛ ቀጠራችሁ እንበል። ሌባ ሳይመጣ ዘበኛው ራሱ በሩን ቆልፎ ቁልፉን ሰበረውና ውጭ አደራችሁ። ማንን ትከሳላችሁ? ዘበኛውን ወይስ በሩን የሠራውን አናጢ?

ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. በዓለም ዙሪያ 8.5 ሚሊዮን ያህል ኮምፒውተሮች የገጠማቸው ይኸው ነው። ክራውድስትራይክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኮምፒውተርን ከሰርጎ ገቦች የሚጠብቅ ሶፍትዌር ይሸጣል። ያን ቀን ስህተት ያለበት ማሻሻያ ላከ። ሶፍትዌሩ የሚሠራው ዊንዶውስ ሆድ ውስጥ ገብቶ ስለሆነ፣ ሲወድቅ ዊንዶውስንም ይዞት ወደቀ። ስህተቱ በ78 ደቂቃ ቢታረምም፣ አንዴ የወደቀውን ኮምፒውተር ብዙውን ጊዜ ሰው አጠገቡ ሄዶ በእጁ ማስነሳት ነበረበት።

ከዚያማ «እኔ አይደለሁም፣ እሱ ነው» ሆነ። ወደ 7,000 በረራ የሰረዘው ዴልታ አየር መንገድ በጥቅምት 2017 ክራውድስትራይክን ከሰሰ። ክራውድስትራይክ ደግሞ ዴልታ ቶሎ ያልተነሳው በራሱ ያረጀ አሠራር ነው አለ። የዊንዶውስ ባለቤት ማይክሮሶፍትም እ.ኤ.አ. በ2009 ከአውሮፓ ኮሚሽን ጋር የገባውን ስምምነት ጠቀሰ፤ በሩን ለሌሎች ድርጅቶች እንዳይዘጋ ያሰረው እሱ ነው ባይ ነው።

ይህ ክርክር ለእኔ ሩቅ አይደለም። የምኖረው በመጻፍ ነው። ባለፈው ዓመት አንቲ ቫይረስ ካስጫንኩ በኋላ ኮምፒውተሬ አልነሳ አለ። የጫነልኝ ልጅ «ዊንዶውሱ ነው» አለኝ። ኮምፒውተሩን የሸጠልኝ «አንቲ ቫይረሱ ነው» አለኝ። ከአንዱ ወደ አንዱ ስመላለስ ሳምንቱ አለቀ፤ የሳምንቱ ጽሑፍም ክፍያውም ቀረ። ሁለቱ ግን አንድ ሳንቲም አልከሰሩም!

የእኔን ፍርድ ከጠየቃችሁኝ፣ የሰበረ ይክፈል። አስቀድሞ በጥቂቶች ላይ ሳይሞክር ለሁሉም ባንዴ የላከ፣ ዋናው ባለዕዳ እሱ ነው። አናጢውም ቢሆን ነጻ አይወጣም። ሰው የሚያስገባበትን ቤት ሲሠራ፣ አንዱ ቢወድቅ ቤቱ አብሮ እንዳይፈርስ አድርጎ መሥራት የእሱ ፈንታ ነው።

እኛስ? ካሳ እስኪመጣ የቤት ኪራይ አይጠብቅም። አባቶች «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል» ይላሉ። ጽሑፋችሁንና ፎቶአችሁን ዛሬውኑ ፍላሽ ላይ ገልብጡ። ሶፍትዌር የሚጭንላችሁንም ገንዘብ ከመስጠታችሁ በፊት «ቢበላሽ ወደ ማን ነው የምመጣው?» በሉት። ዓይኑን ካንከራተተ፣ በቃ፣ ሌላ ሰው ፈልጉ።